ማቀዝቀዣው በጋዝ አልሠራ አለኝ

ወገኖች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። መኝታና ማድ ቤት ያለው መኪና ተከራይተን ከዴንቨር ተነሥተን፣ ዋዮሚንግንና ሞንታናን አቋርጠን ካናዳ ውስጥ አልበርታ፣ ሌዝብሪጅ ከተማ ደርሰናል። እስከ ኤድመንተን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የሜዳው ነፋስ እንደ ጀልባ ያወዛውዘናል፤ ከመሪው ጋር ስታገል ክንዴ ዝሏል።

ማቀዝቀዣው ማታ በ120 ቮልት ኤሌክትሪክ ስሰካው ደህና ይሠራል። በጋዝ ሳደርገው ግን ሰማያዊዋ ነበልባል ብልጭ ትልና ደቂቃ ሳትቆይ እልም። ምድጃው በዚያው ጋዝ ስለሚነድ ጋዙ አላለቀም። ደልዳላ ቦታ አቁሜም ሞክሬዋለሁ። ነበልባሏን የሚያጠፋት በውጭ መተንፈሻው የሚገባው ነፋስ ነው ወይስ እሳቱን የሚቆጣጠረው የሙቀት ዘንግ ተበላሽቶ? መተንፈሻውን በከፊል ብከልለው አደጋ አለው? አከራዩ ስልክ አያነሣም፤ ባለቤቴ ትናንት ለእህቷ ልጅ ክርስትና የሠራችው ዶሮ ወጥ ደግሞ ውስጡ ነው።