ልጄ የሰፈር ውሻ ልርዳ እያለች ነው፣ ምን ትላላችሁ? (ጎንደር)

የማራኪዋ_እናት፦
ሰላም ጎንደሮች እንዴት ሰነበታችሁ። ልጄ 11 አመቷ ነው፣ ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ እሷና የጎረቤት ልጆች ከግቢያችን ጀርባ የወለደች ውሻ አገኙና በአሮጌ ቆርቆሮና በጆንያ ቤት ሰሩላት፣ ከዛ ወዲህ እኔ ቤት ተረፈ የሚባል እንጀራ የለም 😂 አምስቱንም ቡችሎች ስም አውጥተውላቸዋል። ዩቱብ ላይ የውጭ ልጆች ሼልተር (ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ማቆያ) ገብተው ውሻ ሲንከባከቡ አይታ እኛም በጎ ፈቃደኛ እንሁን ነው የምትለኝ። አባቷ እብድ ውሻ ፈርቶ ቆርቆሮውን ላፍርሰው እያለ ነው። እኔም እፈራለሁ ግን ልጅ አዝና ስታበላ እንዴት ተይ ይባላል? እንዲህ ያደረገ ካለ ንገሩኝ እስቲ።

የሳሙና_በር_ልጅ፦
እህቴ አትቀየሚኝ፣ ሰው ተቸግሮ እያየን ለውሻ ቤት መስራት አይዋጥልኝም። ደግሞ ምግብ ካገኙ ሰፈሩን ነው የሚሞሉት፣ ሌሊት ኪዳን ስንሄድ ማን ነው የሚያሳልፈን?

የከብት_ሐኪም፦
ልረዝም ነው ይቅርታ። ባልሽ ዝም ብሎ አልፈራም። የአለም ጤና ድርጅት ግምት በእብድ ውሻ በሽታ በአመት ወደ 59 ሺህ ሰው ይሞታል ነው የሚለው፣ ከ10ሩ 4ቱ ከ15 አመት በታች ልጆች ናቸው፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ አይድንም ማለት ይቻላል። ግን ቆርቆሮ ማፍረስ ምን ይፈይዳል፣ ውሻዋ ልጆቿን አንጠልጥላ ጎረቤት ግቢ ነው የምትገባው። እናትየዋን አስከትቧት፣ ቡችሎቹን 3 ወር ሲሞላቸው፣ ከዛ በየአመቱ። እስከዛ ልጆቹ ምግቡንና ውሃውን አስቀምጠው ዘወር ይበሉ፣ የወለደች ውሻ ያበላትንም ትነክሳለች። እጃቸውንም ይታጠቡ፣ ከቡችላ ወስፋትም ጭርትም ይመጣል።

ከተነከሱ ወይ ከተቧጨሩ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዛ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጸበልም የሚሄድ ይሂድ፣ መርፌውን ግን እንዳያስቀር። ውሻውን ደግሞ በድንጋይ አትጨርሱት፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፣ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ለልጅሽ "ብትነከሺ አልቆጣሽም" በያት። እኔ ልጅ ሆኜ ቡችላ ነክሶኝ የእናቴን ቁጣና ያኔ ሆድ ላይ ይወጉት የነበረውን መርፌ ፈርቼ ሶስት ቀን ሙሉ ረጅም ሱሪ ለብሼ ደብቄያለሁ። ተርፌ ነው እንጂ እንደስራዬማ...

@የሳሙና_በር_ልጅ የኪዳኑ ነገር እውነትህን ነው፣ ለዛም ነው ክትባት የምለው።

ጎንደሬው_ከአሜሪካ፦
ዩቱብ ላይ ያለውን ሁሉ አትመኑ 😀 እኔ እዚህ ልጄን ሼልተር ወስጄ ወላጅ አብሮ ይሁን አሉን፣ ውሻ ይዞ መውጣት ለትልልቆቹ ነው፣ እኛ ሁለት ሰአት ፎጣ ስናጥፍና ሳህን ስናጥብ ዋልን። ሚዙሪ ውስጥ ደግሞ ልጆች ከፍርግርጉ ውጭ ተቀምጠው ለፈሪ ውሾች መጽሐፍ ያነባሉ፣ ውሻው ድምጽ እንዲለምድ ነው። ሳይነኩም መርዳት አለ ለማለት ነው።

ባለጋሪው_አዘዞ፦
ሁላችሁም ውሻ ውሻ አላችሁ፣ አህያዋን ማን ያስታውሳት? ቅዳሜ ገበያ ሂዱና እዩ፣ ከገጠር እህል ተጭና ከሌሊት ጀምሮ ተጉዛ ትመጣና ጭነቷ ከወረደ በኋላ እስከ ከሰአት ፀሀይ ላይ ውሃ ሳትቀምስ ትቆማለች፣ ጀርባዋ ቁስል፣ ጭራዋ ስር ገመዱ ቆርጧት። ባለቤቱ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ውሃ ፍለጋ ከሄደ እህሉን ማን ይጠብቅለት። አንድ ባልዲ የያዘ ልጅ እዛ ትልቅ ስራ ይሰራል። ከኋላዋ ግን አይቁሙ፣ ባለቤቱንም "አያ፣ ላጠጣልዎት?" ብለው አስፈቅደው ነው። ኧረ እኛ እኮ ፋሲል መዋኛ ጋ ዞብል ለሚባል የንጉስ ፈረስ መቃብር ተሰርቶለታል የሚባልበት ከተማ ሰዎች ነን፣ ለአህያ ውሃ ይነሳል?

የማራኪዋ_እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለአባቷ የሐኪሙን ጽሁፍ አነበብኩለት፣ እስኪከተቡ ቆርቆሮው ይቆይ ብሏል። ልጄን አልቆጣሽም ስላት ዝም አለችና ትንሽ ቆይታ እጅጌዋን ሰብስባ የተቧጨረች ክንዷን አሳየችኝ፣ ትናንት ነው አለች። ልቤ ቀጥ! አጥቤያት አሁን ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ሆነን ነው የምጽፈው። ባለጋሪው፣ ከዚህ በደህና ከወጣን ባልዲ ይዘን እንመጣለን፣ ቅዳሜ በስንት ሰአት ነው አህዮቹ የሚበዙት?