አንድ ሺህ የእንግሊዝኛ ቃል ሸምድጄ ፓሴጅ (የንባብ ጽሑፍ) ላይ ግን ባዶ ሆንኩ፣ ምን ላርግ?

የጣናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ባካችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ለማስተርስ ውጭ አገር አፕላይ ላደርግ ስለሆነ ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ተመዝግቤ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ሒሳቡ ብዙም አያስፈራኝም፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ቨርባሉ፣ የእንግሊዝኛው ክፍል ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምኩት የቃላት ዝርዝር አለኝ፣ እሱን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ አማርኛው፣ በቀን 40 ቃል እያልኩ ጠዋት 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር ወጥቼ ሰው ሳይበዛ ጮክ ብዬ እሸመድዳለሁ። አንድ ሺውን ጨርሻለሁ፣ ታናሽ እህቴ ደብተሩን ይዛ ስትጠይቀኝ ከ10 ስምንት ዘጠኙን እመልሳለሁ።

ግን ትናንት አንድ ጥያቄ አጋጠመኝ፣ ተመራማሪዎቹ ገንዘብ ስላለቀባቸው የመስክ ሥራቸውን እንትን ለማድረግ ተገደዱ ይላል፣ ክፍት ቦታውን ሙሊ ነው። ምርጫዎቹ አቤይት፣ ድዊንድል፣ ሰብሳይድ፣ ዌን፣ ከርቴይል። አምስቱንም ሸምድጃቸዋለሁ እኮ! ሰብሳይድ መለስኩ ተሳሳትኩ። ቤት ገብቼ ደብተሬን ስገልጥ ከአምስቱም ጎን የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፣ መቀነስ፣ መቀነስ፣ መቀነስ። እንባዬ ነው የመጣው። ይሄን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት በከንቱ ነው? ከአማርኛ ወጥቼ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው መያዝ ያለብኝ?

ሁለቴ ተፈታኝ፦
እህቴ አይዞሽ፣ ልፋትሽ አልጠፋም። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጀመሪያውን የወደቅኩት ማለት ይቻላል፣ ቨርባል 145 ነበር ያገኘሁት፣ ሁለተኛው ላይ 154 ገባሁ፣ መሀል ላይ የቀየርኩት ነገር ብዙም አይደለም።

ሰው ሁሉ ወደ አማርኛ አትተርጉሙ ይላል፣ እኔ ግን የምልሽ በደንብ ተርጉሚ ነው። መቀነስ ብለሽ ስትጽፊ እኮ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ነው የገደልሽው። እዚያው ጠዋት የምትቀመጪበት ሐይቅ ዳር ሆነሽ አስቢው፣ ዝናቡ ምን አለ? ጋብ አለ፣ እሱ አቤይት ነው። ማዕበሉ ረገበ፣ እሱ ሰብሳይድ። ዓሣው ከዓመት ዓመት ተመናመነ፣ ድዊንድል ማለት ይቺ ናት፣ ጥቂት በጥቂት እያለ ሊያልቅ የደረሰ ነገር። ጨረቃዋ ጎደለች፣ ዌን። አራቱም ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ጊዜ የሚሆኑ ናቸው፣ ማዕበሉን ማንም ረገብ አላደረገውም ራሱ ነው የረገበው። ከርቴይል ግን አድራጊ ይፈልጋል፣ አንድ ሰው አንድን ነገር አሳጠረ፣ ካሰበው በታች ገታው ማለት ነው። የጥያቄሽ ተመራማሪዎች ሥራቸውን ያሳጠሩት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ከአምስቱ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ደብተርሽ ላይ ጋብ አለ፣ ረገበ፣ ተመናመነ፣ ጎደለ፣ አሳጠረ ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን ራሱ አማርኛሽ ይመልስልሽ ነበር፣ ማዕበል እንጂ የመስክ ሥራ አይረግብማ።

ሌላው፣ ያ ዝርዝር የመቼ ነው? እንደሚመስለኝ የድሮው ነው። ድሮ ጂአርኢ ላይ ተቃራኒ ቃል ምረጥ የሚባል ጥያቄ ነበር፣ ቃል ለብቻው ተገንጥሎ ይመጣል፣ ለዚያ መሸምደድ ይሠራ ነበር። እሱና አናሎጂው (የቃላት ዝምድና ጥያቄው) በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ቀርተዋል። አሁን ሁሉም ነገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ከመስከረም 2023 ወዲህ ደሞ ፈተናው አጥሮ ጠቅላላው ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ቨርባሉ 27 ጥያቄ ነው፣ መጀመሪያ 12 በ18 ደቂቃ ቀጥሎ 15 በ23 ደቂቃ፣ ፓሴጁም ከዚያው ውስጥ ነው። ቃሉን ለማስታወስ ጣሪያ ጣሪያ የምታዪበት ጊዜ የለም።

ቲቸር ከቀበሌ 14፦
ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ አማርኛው ያለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፣ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ነው ያሳሰበኝ። ሃይ ስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ልጆች ትልልቁን ብርቅ ቃል ይዘው ይመጡና መሀል ያለውን የዘወትር የትምህርት ቃል ይስቱታል። ኒውዚላንድ ዌሊንግተን ውስጥ አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል ምሁር በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣችው አካዳሚክ ዎርድ ሊስት አለ፣ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ቃል ያለው የትምህርት ጽሑፍ ሰብስባ ከሕጉም ከሳይንሱም ከንግዱም ከሥነ ጥበቡም ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ነው የለየችው። ማይክል ዌስት በ1953 በዚያው በፈረንጆቹ ያወጣውን ሁለት ሺህ የሚሆን የተለመደ ቃል እንደሚታወቅ ቆጥራ እሱን ትታ ማለት ነው። የቀረው 570 የቃል ቤተሰብ ብቻ ሆነ፣ ከትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከ100 ቃል 10 ያህሉን ይሸፍናል። አስቢው፣ ከየመስመሩ አንድ ማለት ነው። በነፃ ይገኛል፣ በ10 ክፍል ተከፋፍሏል፣ በብዛት የሚመጡት ክፍል አንድ ላይ ናቸው።

እና እባክሽ እነሱን አውቃቸዋለሁ ብለሽ አትለፊ። ኦልቢት፣ ኖትዊዝስታንዲንግ፣ ዌርአዝ፣ እነዚህ ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። ኦልቢት ማለት ምንም እንኳ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን ጠምዝዞ የሚያዞረው እሱ ነው፣ ከኋላው የሚመጣው ከፊቱ ያለውን ይቃረናል፣ ክፍት ቦታው ከኋላው ከሆነ መልሱን ግማሹን ነገረሽ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይሄን ዘለው ክፍት ቦታው ላይ ያፈጣሉ።

ሌላ የምፈራልሽ ነገር ሰምና ወርቅ ያላቸው ቃላት ናቸው። ቼክ ስትዪ ማየት ማረጋገጥ ነው የሚመጣልሽ አይደል? ፓሴጅ ላይ ግን የሕዝብ ብዛትን ቼክ ያደርጋል ቢል ይገታል ማለቱ ነው። ኳሊፋይ ማለፍ ብቻ አይደለም፣ አንድ ጸሐፊ አባባሉን ኳሊፋይ አደረገ ቢል ገደብ አበጀለት፣ አለዘበው ነው። ሳንክሽን ደሞ ማዕቀብም ነው ፈቃድም ነው፣ ሁለቱንም ነው! ብርቅ ቃል ሲመጣ ሰው ይጠነቀቃል፣ እነዚህ ግን የሚያውቁት መስሏቸው ነው የሚያልፉት።

የጣናዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያበረታችሁኝ። ዌርአዝን አሁን ነው በደንብ ያየሁት ስል አላፍርም። ግን ምን ላንብብ? ፓሴጆቹ ስለ አሜሪካ ታሪክ ስለ ሥዕል ምናምን ናቸው፣ ሁለት መስመር ሳልሄድ ይደክመኛል።

የድሮ ተማሪ፦
ልጄ፣ የምታውቂውን ነገር በማታውቂው ቋንቋ አንብቢ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ግስ ተምሬያለሁ፣ እንግሊዝኛን ኋላ ነው የያዝኩት፣ የጠቀመኝም ያው የቅኔ ቤቱ ነው። እዚያ ቃል ለብቻው አይያዝም፣ በቤቱ ነው የሚያዘው። ጸሐፈ ካልሽ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ተከትሎ ይመጣል፣ አንዱን የያዘ ሁሉንም ያዘ። መምህሯ የቃል ቤተሰብ ያሉት ይሄንኑ ነው፣ አናላይዝን ስትይዢ አናሊሲስን አናሊስትን አናሊቲካልን በአንድ መስመር ጻፊያቸው።

ስለ ጣና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት ሞልቷል፣ በተለይ ስለ እምቦጭ። አንዱን አውርጂና ከመግቢያው ጀምሪ፣ ነገሩን ስለምታውቂው ቃሉ ይገለጥልሻል። ኢራዲኬት የሚል ቃል ታገኛለሽ፣ ዝርዝርሽ ላይ ማጥፋት ተብሎ ይሆናል የተጻፈው። ከላቲን ራዲክስ ነው የመጣው፣ ራዲክስ ሥር ማለት ነው፣ ፊቱ ላይ ያለችው ኢ ማውጣት ናት። ስለዚህ ኢራዲኬት ማለት ቃል በቃል ከሥሩ መንቀል ነው። ፎገራ በኩል ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ያንን አረም ከነሥሩ እየጎተተ ወደ ዳር ሲያወጣ ቆሜ አይቻለሁ፣ ሥሩ ጥቁር ነው፣ እንደ ፀጉር የተንዠረገገ፣ ውሃ ሲያንጠባጥብ ከባድ ነው። ያንን ያየ ሰው ኢራዲኬትን አይረሳም። ሒሳብ ላይ ሥር የምታወጡበትን ምልክት ራዲካል ትሉት የለ? ያው ሥር ነው። ሚቲጌት የሚለውም እዚያው ጽሑፍ ላይ ይመጣል፣ ላቲኑ ለስላሳ ከሚለው ነው፣ የእኛ ማለዘብ በትክክል ይገጥመዋል። አረሙን ኢራዲኬት ማድረግ ሲያቅት ጉዳቱን ሚቲጌት ያደርጋሉ፣ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዣቸው።

ሥር ግን አንዳንዴ ያታልላል። ኢንቫሉዌብል ስታዪ ዋጋ ቢስ እንዳይመስልሽ፣ ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው።

ሁለቴ ተፈታኝ፦
ጋሼ ያሉት ድንቅ ነው፣ ኢራዲኬትን ስንት ዓመት ሳውቀው ሥሩን አላየሁትም ነበር።

ክለሳውን በተመለከተ ለየጣናዋ ልጨምር፣ አንኪ የሚባል በካርድ የሚያስከልስ አፕ አለ፣ አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ የረሳሽውን ቶሎ መልሶ ያመጣዋል፣ የያዝሽውን ያቆየዋል። ካርዱ ላይ ግን ቃልና ትርጉም አትጻፊ፣ ካነበብሽው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጠሽ ቃሉን ክፍት ተዪው፣ ከኋላው ቃሉንና ትክክለኛውን አማርኛ። በቀን ከ10 አዲስ አይብለጥ፣ 40 ስትጨምሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክለሳው ተከምሮ ታቋርጪዋለሽ፣ እኔ ላይ ደርሷል። ስልክ ካስቸገረ ወረቀት ቆራርጠሽ ካርቶን ውስጥ በቀን፣ በሦስት ቀን፣ በሳምንት እያልሽ ብትከፋፍይውም ያው ነው።

የጣናዋ፦
ከአራት ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት ይቅርታ። የእምቦጩን ጥናት መግቢያ ጨረስኩ፣ ሦስት ገጽ ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ ግን ገባኝ! 22 ካርድ ወጣልኝ። የመቀነስን ገጽ ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ እስካሁን ጋብ አለ፣ ረገበ፣ ተመናመነ፣ ጎደለ፣ አሳጠረ፣ አስታገሰ፣ አለዘበ ደርሻለሁ፣ አስታገሰን ለአሊቪዬት ነው የሰጠሁት፣ ሕመም ነው የሚታገሰው ብዬ። አንድ ብቻ አልገጠመልኝም፣ ሪሲድ። የሐይቁ ዳርቻ ሪሲድ አደረገ ይላል ጽሑፉ፣ ጎደለ እንዳልል ጎደለን ለጨረቃዋ ሰጥቻታለሁ፣ ደሞ የሚጎድለው ውሃው ነው እንጂ ዳርቻው አይጎድልም።

የድሮ ተማሪ፦
ሸሸ በይው ልጄ። በጋ ላይ ታንኳ የሚያስሩ ሰዎች ሐይቁ ሸሸ ነው የሚሉት፣ ትናንት ያሰሩበት ቦታ ጭቃ ሆኖ ሲያገኙት።