አብሮ አደጌን በማራቶን አሯሩጬ ለቦስተን ሚኒማ እንዴት ላድርሳት?

የጣና ዳሯ (ጠያቂ)

የምኖረው ባህር ዳር ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር ላለፉት ስድስት ዓመታት በሳምንት አራት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እየተገናኘን በሐይቁ ዳርቻ፣ እሑድ ደግሞ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን በጎንደር መንገድ እንሮጣለን። አሁን ሁለታችንም በኅዳር መጨረሻ ለሚካሄደው የቫሌንሲያ ማራቶን ተመዝግበናል። የእኔ የተሻለ ሰዓት 3:12 ሲሆን የእርሷ 3:36 ነው። ዕድሜዋ 39 ስለሆነ፣ የቦስተን ማራቶን ከ35 እስከ 39 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ያስቀመጠውን የ3:30 ሚኒማ (ለመመዝገብ የሚያበቃውን ሰዓት) ለማሟላት ቆርጣ ተነሥታለች፤ እኔም የራሴን ሰዓት ትቼ ላሯሩጣት ቃል ገብቻለሁ። የቸገረኝ ከፊቷ ልሩጥ ወይስ ከጎኗ፣ ውኃ እያነሣሁ ላቀብላት ይፈቀድልኛል ወይ፣ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብትደክምስ አብሬያት ልቅር ወይስ ልሂድ የሚለው ነው።

የቀድሞ አሠልጣኝ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሚኒማውን እናስተካክል። ቦስተን የሚቆጥረው ሯጩ በራሱ በቦስተን ውድድር ዕለት የሚኖረውን ዕድሜ ነው። በኅዳር የምትሮጡት ሰዓት ደግሞ በቀጣዩ ሚያዝያ ለሚካሄደው የቦስተን ውድድር አይደርስም፤ ምዝገባው በመስከረም ግድም ስለሚጠናቀቅ የሚያገለግላችሁ ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ጓደኛሽ 40 ዓመት ስለሚሞላት ሚኒማዋ 3:35 ይሆናል። ይሁን እንጂ ሚኒማ ያሟላ ሁሉ አይገባም፤ ቦታው ሲጠብ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፈጣኖቹ ነው። ለ2026ቱ (እ.ኤ.አ.) ውድድር ተቀባይነት ያገኙት ከሚኒማቸው በ4 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የፈጠኑት ብቻ ነበሩ፤ ይህም ለ3:35 ሲሰላ 3:30:26 ይመጣል። ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ሐሳባችሁ ተመልሳችኋልና እኔ ብሆን 3:29ን፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 4:57ን፣ ዒላማ አደርጋለሁ።

ውኃን በተመለከተ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ግልጽ ነው። አንድ ሯጭ ከመነሻው ይዞት የመጣውን ወይም ከውኃ ጣቢያ ያነሣውን ለሌላ ሯጭ ማቀበል ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ሳያቋርጥ ከተደጋገመ ፍትሐዊ ያልሆነ እርዳታ ተደርጎ ሊቆጠርና እስከ መሰረዝ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብታቀብያት ችግር የለውም፤ በየጣቢያው አስተናጋጇ አትሁኚ። በውድድሩ ያልተመዘገበ ሰው መሐል ገብቶ ማሯሯጡ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ አንቺ ተመዝግበሽ ከመነሻው ስለምትነሺ ከዚህ ነጻ ነሽ።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ከፊቷ ሁኚ፤ በቀረው ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ሩጡ። ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ የሚቀድም አሯሯጭ ሳያውቀው ዙሩን ያከርረዋል።

ከፔዳ ግቢ አጠገብ

እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኛዬን ሳሯሩጥ ነገሩን ያበላሸሁት ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ነው። በሕዝቡ መጨናነቅ ምክንያት አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ 40 ሰከንድ ያህል ጠፋብን፤ እኔም ደንግጬ በሚቀጥሉት ሁለት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ላስመልሰው ሞከርሁ። ያን ጊዜ አልተሰማውም፤ 33ኛው ላይ ግን እግሩ እምቢ አለ። ያንኑ 40 ሰከንድ በ20 ኪሎ ሜትር ላይ ብናከፋፍለው ኖሮ በኪሎ ሜትር ሁለት ሰከንድ ብቻ ይደርስ ነበር። ከመነሻው መስመር በስተኋላ ቆማችሁ የምታጠፉት ጊዜ አያሳስባችሁ፤ ቦስተን የሚቀበለው በቺፕ የተመዘገበውን፣ የመነሻውን መስመር ካለፋችሁበት ጀምሮ የሚቆጠረውን ሰዓት ነው።

ሌላው ስሕተቴ ወሬ ማብዛቴ ነበር። ከ30 በኋላ «እንዴት ነህ?» እያልሁ ስጠይቀው ለመመለስ ትንፋሹን ያባክን ነበር። ጥያቄ ሳይሆን «ትከሻህን አላላ» የሚል ዓይነት አጭር ቃል ይበቃል።

ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ቫሌንሲያ ግን ባሕሩ ዳር ናት። ስለዚህ በእሑዱ ረጅም ሩጫ 4:57 ካልመጣ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በተለይ ፀሐይ ከወጣ በኋላ።

ሰዓት አክባሪ

አንድ ነገር ልጨምር። የማራቶን መንገድ የሚለካው ሊሮጥበት በሚችለው አጭሩ መስመር ነው፤ ሯጭ ግን በየኩርባው ስለሚሰፋ የእጅ ሰዓታችሁ መጨረሻ ላይ 42.5 ኪሎ ሜትር ቢያሳይ አይግረማችሁ። ሰዓቱ 4:57 እያለ ብትሮጡ 3:30ን ታልፋላችሁ፤ ስለዚህ 4:55 አካባቢ ይታያችሁ። ከሁሉ የሚሻለው በመንገዱ ላይ የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች ማመን ነው፦ 10 ኪሎ ሜትር በ49:30፣ ግማሹ በ1:44:30፣ 30ው ደግሞ በ2:28:30 ግድም።

የቀድሞ አሠልጣኝ

ሦስተኛው ጥያቄሽ ሳይመለስ ቀረ። ደራርቱ ቱሉ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ማራቶን እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ ወደ ኋላ ስትቀር አይዞሽ ብላ እንድትከተላት አበረታታቻት፤ ራድክሊፍ መከተል ሲያቅታት ግን ወደፊት ገፍታ በ2:28:52 አሸነፈች። የእናንተ ጉዳይ ከዚያ ይለያል፤ አንቺ የምትሮጪው ለእርሷ ነውና ውሳኔውም የእርሷ ነው። አሁኑኑ ጠይቂያት፤ በደከመ ሰው አፍ የሚሰጥ መልስ አያስተማምንም።

የጣና ዳሯ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ጠየቅኋት፤ «ከ35 በፊት እንዳትለይኝ፤ ከዚያ በኋላ ከቀረሁ ግን ሂጂና መጨረሻው ላይ ውኃ ይዘሽ ጠብቂኝ» አለችኝ። ሚኒማዋ 3:35 መሆኑን ስነግራት ደስ ብሏት ነበር፤ የ4:34ቱን ነገር ስጨምርላት ግን ዝም አለች። በመጪው እሑድ እርሷ ሰዓቷን ቤት ትታ፣ እኔ ብቻ እያየሁ 28 ኪሎ ሜትር ልንሞክር ተስማምተናል።