በካናል ዱ ሚዲ ጀልባ ተከራይቶ ወደ ካርካሶን፦ ከየት እንነሳ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ አራታችን ከድሬ፣ ሁለቱ እዚያው ፈረንሳይ ያሉ። በግንቦት መጨረሻ ለአንድ ሳምንት ጀልባ ተከራይተን በደቡብ ፈረንሳይ ባለው የጀልባ ቦይ፣ በካናል ዱ ሚዲ፣ ወደ ካርካሶን የግንብ ከተማ ልንሄድ አስበናል። ጀልባ የነዳ ከመካከላችን የለም። ከካስቴልኖዳሪ መነሳት ይሻላል ወይስ ከትሬብ? ኤክሉዝ የሚሉትስ ለጀማሪ ይከብዳል?

ሳቢያን፦
መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አከራዩ አጭር ልምምድ አሠርቶ ጊዜያዊ ካርድ ይሰጣችኋል። ልምምዱን ግን አታጣድፉት፤ ኋላ ማርሽ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ጀልባ ፍሬን የለውም፣ የሚያቆመው ኋላ ማርሹ ነው። መሪውም በደንብ የሚታዘዘው ሞተሩ ሲገፋ ብቻ ነው።

መንገዱን በኪሎ ሜትር አታስሉት፣ በኤክሉዝ አስሉት። ኤክሉዝ ማለት ፊትና ኋላ በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባው ሲገባ የኋላው በር ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ ከቀጣዩ ቦይ ከፍታ ጋር ሲተካከል የፊቱ ይከፈታል። ከካስቴልኖዳሪ ካርካሶን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከድሬ ሐረር ካለው ያንሳል። ነገር ግን ከሰዓት 8 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ በመሃል ደግሞ ከ20 በላይ ገንዳ አለ። ሁለት ሙሉ ቀን ያዙለት። ከዚያም በላይ ገና ከወደቡ ስትወጡ የሚቀበላችሁ አራት ገንዳ በደረጃ የተያያዘበት የሳን ሮክ ኤክሉዝ ነው፤ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሆንም። ከትሬብ ካርካሶን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጥቂት ኤክሉዝ ብቻ አልፋችሁ በግማሽ ቀን ትደርሳላችሁ። ዓላማችሁ ከተማው ከሆነ ከትሬብ ተነሱ።

ሰዓቱንም አትርሱ። ኤክሉዝ ጠባቂዎቹ በእነሱ 12:30፣ በእኛ 6:30 ላይ ለምሳ ዘግተው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይከፍታሉ። 6:20 ላይ ከደረሳችሁ ዳር ይዛችሁ ምሳችሁን ብሉ።

ገመድ ያዥ፦
ሳቢያን ያለው ልክ ነው። እኔ ገመዱ ላይ ልቆይ፣ አደጋው ያለው እዚያ ነውና።

ሁለት ገመድ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ዳር ባለው የብረት ጉቶ ላይ አንዴ ብቻ አዙራችሁ ጫፉን በእጃችሁ ያዙ። ፈጽሞ አትቋጥሩት! ወደ ታች ስትወርዱ ገመዱ ከተቋጠረ ውሃው ከሥር ይሸሻል፣ ጀልባው በገመድ ተንጠልጥሎ ያዘነብላል። ስትወርዱ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ ስትወጡ የላላውን ሰብስቡ።

መውጣቱ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ከትሬብ ወደ ካርካሶን ደግሞ መንገዱ ሁሉ መውጣት ነው። ውሃው ከፊት በር በኩል በኃይል ሲገባ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ጎን ይወስደዋል። የፊቱን ገመድ ጉልበት ያለው ይያዝ፣ ጓንትም ያድርግ። ግድግዳው ከላያችሁ ከፍ ስለሚል ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሰው ዳር አውርዱ፣ ላይ ሆኖ ገመዱን ይቀበላል። የሚዲ ገንዳ ጎኑ እንደ እንቁላል የተለጠጠ ስለሆነ ጀልባው ግድግዳውን ተደግፎ አይቆምም፤ ሁለቱም ገመድ ካልተወጠረ ይሽከረከራል። ግድግዳው ሲቀርብ በእግር ወይም በእጅ አትግፉ፣ ጀልባው በቶን የሚመዘን ነው። ጎኑ ላይ የተንጠለጠሉት የአየር ትራሶች ሥራ ያ ነው።

ሸዋ በር፦
ስለ ከተማው ደግሞ ከሐረር። ጀልባው የሚያድረው በታችኛው ከተማ ወደብ፣ ለገሃሩ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ግንቡ ድረስ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የኦድን ወንዝ በአሮጌው የእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ በኦድ በር በኩል ግቡ። ዳገት ነው፤ ግን መንገዱ የሚጠማዘዘው አጥቂ ጎኑን አሳይቶ እንዲያልፍ ስለሆነ፣ አሠራሩ የሚገባችሁ በዚያ ስትወጡ ነው። መኪና የሚቀርበው በናርቦን በር በኩል ነው፤ በዚያ ውጡ።

ጀጎልን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ደስ ይላል። ኢሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ አንድ ረድፍ ሲሆን አምስት በር ነበረው። ካርካሶን ግን ሁለት ረድፍ ግንብና 52 ማማ አለው፣ የውስጠኛው መሠረት ከሮማውያን ዘመን ነው፣ የውጭው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ሜዳ ዙሩት፣ ነፃ ነው። የሚከፈለው ለቤተ መንግሥቱ ነው። የማማዎቹ ሹል ጣሪያ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት መሆኑን እወቁ። እንደ ጀጎል ሰው የሞላበት ሰፈር አትጠብቁ፣ ነዋሪው ጥቂት ነው። ቱሪስት ሳይበዛ፣ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ግቡ።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ተባረኩ! ትሬብ ሆነ። መንገድ ላይ ስናድር ዛፍ ላይ ማሰር እንችላለን?

ገመድ ያዥ፦
አይቻልም። በቦዩ ዳር ከተተከሉት 42,000 ገደማ የፕላታን ዛፎች ብዙዎቹን የሚገድል ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2006 ታይቷል፤ የሚገባውም በቆሰለ ቅርፊትና ሥር ነው። ገመድ ቅርፊት ይልጣል። ከጀልባው ጋር ችካልና መዶሻ ይሰጣችኋል፤ ከእግረኛው መንገድ ወደ ውሃው ጠጋ አድርጋችሁ ትከሉ፣ ብስክሌተኛ በገመዱ እንዳይጠለፍ። ድልድዮቹም ቅስት ናቸው፤ በመሃል እለፉ፣ ጀልባው ላይ የተዘረጋውን የፀሐይ ጥላ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠም ይውረድ።