አዳማ ላይ የድሮ ሲኮ ሰዓት የት ላስገምት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአዳማ ልጆች። አባቴ ትቶልን ያለፈ ሲኮ ፋይቭ አለ። አንድ ወርቅ ቤት ትንሽ ብር ጠራልኝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ «የጃንሆይ ዘመን ነው፣ እንዳትሸጪው» አለኝ። የት ልውሰደው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። የትም ከመውሰድሽ በፊት ሰዓቱን ገልብጪው። ጀርባው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። በሰረዝ የተከፈለው የማሽኑንና የቀፎውን ዓይነት ይናገራል፤ ከሰረዙ በፊት ያሉት አራቱ የማሽኑ ናቸው። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ባለ ስድስት አኃዙ፣ ሴሪያል ቁጥሩ ነው። የሴሪያሉ የመጀመሪያ አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩ ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር።

ሴሪያሉ ግን አሥርቱን ዓመት አይለይልሽም። እኔ የተታለልኩት እዚህ ላይ ነው። «የጃንሆይ ጊዜ» ተብዬ 3,500 ብር የከፈልኩበት ሰዓት ሴሪያሉ በ4 ይጀምራል፤ ሻጩም «1964 ነው» አለኝ። የማሽኑ ቁጥር ግን 7ኤስ26 ነበር። ይህ ማሽን የወጣው በ1996 ነው፣ ጃንሆይ በ1974 ከወረዱ ከ22 ዓመት በኋላ። ስለዚህ የኔ 4 ቢያንስ 2004 ነው። ሰዓቱ እስካሁን ይሠራል፣ ያሰብኩትን ያህል ግን አያወጣም።

አሁን ወደ ቦታው። ወርቅ ቤት አትሂጂ፤ እነሱ ግራም ነው የሚያውቁት፣ ብረት ሰዓት ለእነሱ ዋጋ የለውም። ፖስታ ቤትና ፍራንኮ አካባቢ ያሉ የሰዓት ሱቆች ለባትሪ፣ ለማሰሪያና ለመስታወት ጥሩ ናቸው። አሮጌ አውቶማቲክ (ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ) ሰዓት ስትሰጫቸው ግን ለሌላ ሰው ልከው ያሠሩታል፣ ማን እንደነካው አታውቂም።

የኔ ምርጫ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ማጉያ ዓይናቸው ላይ አድርገው የሚሠሩት አዛውንት ሰዓት ሠሪዎች ናቸው። ምክንያቱም የጀርባውን ክዳን ፊትሽ ይከፍቱልሻል። ይህ ዋናው ነገር ነው፤ ሴሪያሉ ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። የ1970 ክዳን ሌላ ሰዓት ላይ ቢገጠም ቁጥሩ አይመሰክርልሽም። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከክዳኑ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ጠይቂያቸው። በሰዓቱ ፊት ታችኛው ጠርዝ ላይም ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በማሽኑ ቁጥር ይጀምራል። ሦስቱ ከተስማሙ ዋጋው እዚያ ነው ያለው። ፊቱ እንደ አዲስ ቀለም የሚያበራ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፣ እንደገና የተቀቡ ፊቶች ከህንድ በብዛት ይወጣሉ።

ቴሌግራም ላይ ስትገዢ ደግሞ የጀርባውን ፎቶ ከማይልክ ሻጭ ጋር ጊዜ አታባክኚ።

ሌላ አስተያየት፦ ወንድሜ ባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቪስ ለማድረግ ትተሽው የምትሄጂ ከሆነ የጀርባውንም የማሽኑንም ፎቶ አንሺ። ሴሪያሉን ደረሰኙ ላይ አስጽፊ። እኔ ክዳኑ የራሴ፣ ማሽኑ የሌላ ሆኖ ተመልሶልኝ ያውቃል። «አሳምረህ ወልውልልኝ» እንዳትዪም፤ የቀፎው ጠርዝ አንዴ ከተላጠ አይመለስም፣ ሰብሳቢም ወዲያው ያየዋል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን ገለበጥኩት፤ 6119 ይላል፣ ሴሪያሉ በ05 ይጀምራል።

መልስ፦ 6119 በ1980 አይመረትም ነበር። ስለዚህ 0ው 1970፣ 5ቱ ሜይ ነው። በእኛ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት 1962። ጃንሆይ ያለሽ ሰውዬ እውነቱን ነው። ክዳኑን አስከፍተሽ ማሽኑ 6119 መሆኑን ሳታዪ ግን ዋጋ አትጥሪ፣ ማንም ሲጠራልሽም እሺ አትበዪ።