ክርክር፦ ጭንቅላት ያለው ሠራተኛ የተለየ አያያዝ ይገባዋል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ አንድ አባላችን የጻፈው ነገር ብዙ ሰው ስላነጋገረ የዛሬ ክርክር አድርገነዋል። ልጁ እዚሁ ባሕር ዳር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ቶሎ ይገባኛል፤ ካደግኩ በኋላ ግን ጣጣው ከጥቅሙ በለጠብኝ» ነው ያለው። ልዩ ተሰጥኦ ላለው ሰው መሥሪያ ቤት የተለየ አያያዝ ያድርግ ወይስ አያድርግ? ስድብ ክልክል ነው። ቀጥሉ።

ሒሳብ ሹም፦ አያድርግ። ጎበዝ አይደለሁም የሚል ሰው እስቲ አሳዩኝ? ነገ ሁሉም «እኔ ልዩ ነኝ» ብሎ ይመጣል። በሰዓቱ ይግባ፣ ይፈርም፣ ይሥራ። አለቀ።

ዓባይ ማዶ፦ ሒሳብ ሹም ዛሬ በጠዋቱ ተነስቷል።

ባለጉዳዩ፦ እኔ ነኝ ልጁ። ጋሼ፣ «ልዩ ነኝ» አላልኩም። የሆነውን ልንገራችሁ። እኛ ክፍል የወር ሪፖርት ሲደርስ ከየወረዳው የመጣው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ አራት ሰው በካልኩሌተር ይደምራል። እኔ ኤክሴል ላይ ፎርሙላ ሠራሁለት። ወረዳዎቹ በቴሌግራም ሲልኩ ራሱ ይደምራል፤ የተሳሳተውን ቁጥር ቀይ ያደርገዋል። ሥራው ከሰዓት በኋላ ሳይደርስ ያልቅ ጀመር። ከዚያስ? መረጃ ለማጣራት ወረዳ መውረድ ቀረ። መውረድ ሲቀር አበል ቀረ። በቃ፣ ጠላት ሆንኩ። አለቃዬ ደግሞ «አንተማ ቶሎ ትጨርሳለህ» ብሎ የሰነፉን ሁሉ ፋይል እኔ ላይ ይቆልላል። አሁን ፎርሙላውን ደብቄ፣ እንደ ሰው ቀስ ብዬ እደምራለሁ።

ዓባይ ማዶ፦ አበል ነክተህ በሰላም መኖር ፈልገህ ነው? ወይ ጉድ!

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ እስቲ ጉዳዩን መስመር እናስይዘው። በተለመደው አለካክ በአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና 130 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ልዩ ተሰጥኦ አለው ይባላል፤ ከ100 ሰው 2 ገደማ መሆኑ ነው። በሽታ አይደለም፣ የሐኪም ምርመራ ውጤትም አይደለም። ጥንካሬው ይታወቃል፦ ቶሎ መረዳት፣ የተራራቀውን ነገር ማገናኘት፣ ደስ ባለው ነገር ላይ ሰዓት ረስቶ መቀመጥ። ችግሩ ግን አይነገርም። ትምህርት ቤት ሳያጠና ያለፈ ልጅ ለፍቶ መማርን ሳይለምድ ያድጋል። ትልቅ ሰው ሆኖ እውነተኛ ከባድ ነገር ሲገጥመው «ለካ ጎበዝ አይደለሁም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው «ካልተስተካከለ አልሰጥም» እያለ ሥራውን ሳይጨርስ ይቀራል። የሚያወራው ሰው የሚያጣም አለ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኛውም ልዩ ተሰጥኦ ያለውም እንደ አቅሙና ፍላጎቱ እንዲማር ይል ነበር። ዩኒቨርሲቲያችንም ለተማሪዎች የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው። ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝስ? እዚያ ላይ ወሬው ይቆማል።

ሒሳብ ሹም፦ መምህር፣ አይኪው ያሉት ፈተና ሰው በትክክል ይለያል?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ ሁልጊዜ አይደለም። ሉዊስ ተርማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,500 ገደማ ልጆች በፈተና መርጦ ለብዙ ዓመታት ተከታተላቸው። አብዛኞቹ ጤናማና የተሳካላቸው አዋቂዎች ሆኑ። «ሊቅ ያብዳል» የሚለው ወሬ እዚያ አልታየም። ግን ፈተናውን ወድቆ ሳይመረጥ የቀረው ዊልያም ሾክሌይ እ.ኤ.አ. በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ሒሳብ ሹም፦ ይኸው! ኖቤል የሚወስደውን የጣለ ፈተና የእኛን ሠራተኛ ሊመርጥ ነው?

ባጃጅ 14፦ እኔም በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። ፈተናው የተማረውን ነው የሚያገኘው። እምቦጭ ጣናን ሲወር በራሳቸው ጭንቅላት ማሽን የሠሩ ሰዎች አይተናል። እኔ የማውቀው አንድ ብየዳ ሠራተኛ አለ፤ የሞተር ድምፅ በስልክ ሰምቶ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይነግርሃል። ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው። እሱን ማን ይለካዋል?

የዘጌ ልጅ፦ እኛ አገር እኮ ጭንቅላት ያለውን ሰው እናውቀዋለን፣ አያያዙን ነው የረሳነው። አጎቴ ዋሸራ ቅኔ ቤት ነበሩ። ቅኔ መቁጠር የጀመረው ሁሉ እኩል አይሄድም። ፈጣኑን «ጓደኞችህ እስኪደርሱ ቁጭ በል» አይሉትም። ይቀኛል፣ የኔታ ያርሙታል፣ ሲበረታ አስነጋሪ ሆኖ ሌሎቹን ያስተምራል። ሲበቃው ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል፤ የሚበልጠውን ፍለጋ ማለት ነው። ግን ምግቡን እንደማንኛውም ተማሪ አኩፋዳ ይዞ ይለምናል። ውሻው ቅኔ ያውቃል ብሎ አይምረውም።

ከቅኔ ቤት ውጪ ስንሆን ግን «አብሾ አለበት» እንላለን። ጎበዙን ሰው ከዕብድ እኩል የምናይበት አንድ ቃል አበጅተን ቁጭ አልን።

ነርሷ፦ ወንድሞቼ፣ እስካሁን የምታወሩት ስለ ወንድ ነው። ወንዱ «አብሾ አለበት» ከተባለ ቢያንስ ተፈርቷል። ሴት ስትሆን ምላሰኛ ነሽ። ስብሰባ ላይ የመድኃኒት አመዘጋገባችን ሁለት ቦታ ስለሚጻፍ ይሳሳታል ብዬ መፍትሔውን ተናገርኩ። ዝም አሉኝ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንድ ወንድ ባልደረባዬ ያንኑ ሐሳብ ደገመው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ በእሱ ስም ሰፈረ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉት እኮ ተረት ብቻ አይደለም። ስንቷ ሴት ነች ጉብዝናዋን ደብቃ ጡረታ የምትወጣው?

ዓባይ ማዶ፦ ይኼ ልክ ነው። የሚጨመር የለም።

የሰው ሀብት፦ ከሥራዬ አንጻር ልናገር። ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው፣ ለሰውየው አይደለም። ስለዚህ «ጭንቅላት አለው» ተብሎ ብር አይጨመርም፣ ቢጨመርም ነገ ዘመድ ሁሉ ጭንቅላት ይኖረዋል። ግን አለቃ በእጁ ያለ ነገር አለ። ቶሎ የጨረሰን ሰው የሌላውን ፋይል አትስጠው፤ ከበድ ያለ የራሱ ሥራ ስጠው። አዲስ ገቢዎችን ያሰልጥን። ቃለ ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ስም ጻፍ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

ሒሳብ ሹም፦ እሱማ የተለየ አያያዝ አይደለም፣ ተራ አስተዳደር ነው። ለኔም ይገባኛል።

የዘጌ ልጅ፦ ይገባዎታላ። ማን ከለከለዎት?

ሒሳብ ሹም፦ እኔ ያልኩት ማዕረግ አይሁን ነው። አንተ ልጅ ግን፣ ይኼን የፎርሙላ ነገር ከአለቃህ በላይ ላለው ሰው አሳይተሃል?

ባለጉዳዩ፦ አሳይቻለሁ ጋሼ። «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ።

ሒሳብ ሹም፦ አቀረብክ?

ባለጉዳዩ፦ እየጻፍኩ ነው። መረጃው ከወረዳ እስከ ክልል የሚሄድበትን መንገድ በሙሉ ካላስተካከልን ፎርሙላው ብቻውን ትርጉም የለውም። ገና አሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነኝ።

ሒሳብ ሹም፦ አሥራ ሁለት ገጽ! ማን ሊያነብልህ ነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ግማሽ ገጽ አደርግልሃለሁ።