ንቦቼ የጎረቤት ውሃ ለመዱብኝ

ከተማ ውስጥ ንብ የምታነቡ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ መላ በሉኝ።

ሁለት ቀፎ ጣሪያ ላይ አለኝ። ንቦቹ ቁጡ አይደሉም። ችግሩ ውሃ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ የጎረቤቴን የግቢ ቧንቧ ይወሩታል። የተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ሳይቀር ተደርድረው ይመጥጣሉ። ጎረቤቴ ትንሽ ልጅ አላት፤ ብትቆጣም አልፈርድባትም።

ቀፎዎቹ አጠገብ በሳፋ ውሃ አስቀመጥኩ። እንዳይሰምጡ ጠጠርና ቡሽ ጨመርኩበት። ዞር ብለው አላዩትም! ንብ የለመደችውን ውሃ በቀላሉ አትተውም። ትንሽ ጨው ጣል ባደርግበት ይመጡ ይሆን? ስኳር እንዳልጨምር ደግሞ ማር የሚዘርፉ የሌላ ቀፎ ንቦችን ይጠራብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሌላው ሐሳቤ ቀፎዎቹን ወደ ጣሪያው ሌላኛው ጫፍ መውሰድ ነው። ርቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ነው። በአንዴ ካነሳኋቸው ግን ቀሳሚዎቹ ወደ ድሮው ቦታ ተመልሰው ይንከራተታሉ። በየቀኑ 1 ሜትር ያህል ማስጠጋት ይሻላል ወይስ የድሮውን ቦታ እስኪረሱ 5 ኪሎ ሜትር አርቆ አቆይቶ መመለስ? ሁለተኛው ለእኔ ጣጣው ብዙ ነው፤ የማቆይበት ቦታም የለኝም። ደግሞስ ቦታ መቀየሩ ብቻ ቧንቧውን ያስረሳቸዋል?

እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ ከምን እንደጀመራችሁ ንገሩኝ። ጎረቤቴ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልትታገሰኝ ተስማምታለች።